ለታመመ ውሻ የሚያረጋጋ ዕፅ ከመስጠትህ በፊት

ልጄ፣ አንተ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ባለው ሱቅህ ውስጥ ስትውል ውሻህ ግቢ ውስጥ ሲቅበጠበጥ ይውላል፤ ሌሊትም አይተኛም። ዕድሜው ገፍቷል፣ ለሚጥል በሽታውም ክኒን ይወስዳል። አሁን «ተፈጥሯዊ ማረጋጊያ» ልትገዛለት አስበሃል። ከመግዛትህ በፊት ይህን ስማኝ።

1. መንስኤውን አስቀድመህ ፈልግ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ውሻህ ሕመሙን በመቅበጥበጡ እየነገረህ ሊሆን ይችላል። የሚያስተኛ ዕፅ ስትሰጠው የምትደብቅበት አንተ ነህ። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የጆሮ ቁስል፣ የእርጅና መርሳት ሁሉ ሌሊቱን ሊያንጎራድዱት ይችላሉ።

2. ማለክለክን ሁሉ ጭንቀት አትበለው። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ውሻ ሰውነቱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በላብ ሳይሆን በማለክለክ ነው። ሲተኛ ትንፋሹን ቁጠር፤ በደቂቃ ከ30 በላይ እየሆነ ከተደጋገመ ልቡንና ሳንባውን አስመርምር። የሰውነቱ ሙቀት 41 ዲግሪ ከደረሰ ነፍሱ አደጋ ላይ ናትና ውኃ እያርከፈከፍክበት ወደ ሐኪም አድርሰው።

3. ከገረባ ጠብቀው። ጫት ተቅሞ የሚጣለውን ገረባ ፍየሎች ሲለቅሙት ታያለህ፤ ውሻም ሊቀምሰው ይችላል። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብ ምቱንና የሰውነቱን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ይህ መመረዝ ስለሆነ በሚያረጋጋ ሻይ አይመለስም።

4. ዕፅንና ክኒንን በራስህ አታደባልቅ። ቫለሪያን የተባለው ሥር ለሚጥል በሽታ ከሚሰጠው ፌኖባርቢታል ጋር ሲደረብ እንቅልፉን ሊያከብድበት ይችላል። ካሞሜል የተባለው ዕፅ የደም መርጋትን ከሚከላከሉ መድኃኒቶች ጋር ለመድማት ያጋልጣል ተብሎ ይፈራል። ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ደግሞ የዋጠውን ቶሎ ስለማያስወግድ ለጤነኛው ትንሽ የሆነው ለእሱ ይበዛል። ክኒኑንም «ዕፁ ይተካዋል» ብለህ በድንገት እንዳታቋርጥ፤ መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል።

5. የጓዳችንን ዕፅ አትናቅ። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ጤና አዳም ቡና ላይ ቢጥምህም ላረገዘች ውሻ አይሰጥም። አስተናግር መርዝ ነው፤ በትንሹም አትሞክረው።

6. ማሸጊያውን አንብብ። ገበያ ውስጥ ጽሑፉ የማይነበብ፣ መጠኑ ያልተገለጸ ጠርሙስ ካጋጠመህ ተወው። ለሰው የተሠራ ጣፋጭ ማረጋጊያ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ካለበት የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል፤ ጉበቱንም ሊጎዳ ይችላል።

7. ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ አትጠጋው። ያለ ልማዱ የሚናከስ፣ ለሀጩን የሚያዝረከርክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ላጠጣው ብለህ አፉን አትክፈት፤ ሳትነካው ባለበት በር ዘግተህ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቅ። የነከሰህ እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠብና ዕለቱን ጤና ተቋም ሄደህ ክትባት ጀምር። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሥራሥር ፍለጋ የሚባክነው ቀን ሕይወት ያስከፍላል።

8. ጉዳት በሌለው ነገር ጀምር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት፣ ፀሐይ ሳትከር አንሸራሽረው። ጥላና ንጹሕ ውኃ አይጉደልበት። ርችትና የሠርግ ጡሩምባ ሲበዛ ጨለም ያለ ክፍል አስገባው። ከዚህ በኋላም ካልተረጋጋ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። የሚወስደውን ክኒንና ልትሰጠው ያሰብከውን ዕፅ አብረህ ይዘህ ሂድ።

ዕፅ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩህም። መጠኑን የሚያውቅና ውሻህን የመረመረ ሰው ሲያዝልህ ስጠው፤ እስከዚያ ግን ገንዘብህን ለምርመራው አስቀምጥ።