ሕመም የማይሰማበት እንቅልፍ

«ኦፕራሲዮን ትሆናለህ» ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው ምላጩን አይደለም። የሚፈራው እንቅልፉን ነው። «አስተኝተውኝ ሳልነቃ ብቀርስ?» ይላል። ይህ የሞኝ ፍርሃት አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ በትንፋሽ ስለሚሰጥ ማስተኛ መድኃኒት፣ በተለይም ሃሎቴን ስለሚባለው እንማራለን።

ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን ጎረምሶች በሽተኛውን ጥርቅም አድርገው እንደሚይዙት ሁላችንም አይተናል። በፈረንጅ አገርም ቢሆን ድሮ ሐኪም እግር ሲቆርጥ እንዲሁ ነበር። በሽተኛው መጠጥ ይጠጣል፣ ይታሰራል፣ ይጮኻል። ጎበዝ ሐኪም የሚባለውም እጁ የፈጠነው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የኤተርን ትነት ለአንድ በሽተኛ ሰጠው። ሌላ ሐኪም ከአንገቱ ላይ ያለውን ዕጢ ቆረጠለት። በሽተኛው ሲነቃ ሕመም እንዳልተሰማው ተናገረ።

ኤተር ግን ችግር ነበረበት። እንደ ቤንዚን በእሳት ይያያዛል፤ ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል፤ ያስታውካል። ስለሆነም የማይቃጠል መድኃኒት ሲፈለግ ኖረ። በ1951 ቻርልስ ሰክሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሃሎቴንን ሠራ። በ1956 ማይክል ጆንስተን የተባለ ሐኪም በማንቸስተር ከተማ ለበሽተኞች ሰጠው። ከዚያ በኋላ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በአገራችን ሆስፒታሎችም ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚያስተኛው? ሃሎቴን እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጣል። በሽተኛው ግን አይጠጣውም፤ በመርፌም አይወጋውም። ፈሳሹ በልዩ መሣሪያ ውስጥ ይተንና ከኦክሲጅን ጋር ይደባለቃል፤ በሽተኛውም አፍና አፍንጫው ላይ በሚደረግ ጭንብል ይተነፍሰዋል። አረቄ በሆድ በኩል ወደ ደም ገብቶ ራስ እንደሚያዞር፣ ይኸኛው በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም ወደ አንጎል። ሽታው ጣፋጭ ቢጤ ነው፤ ጉሮሮም አይከረክርም። መርፌ የሚፈራ ሕፃን በዚህ መተኛቱ ትልቅ ጥቅም ነው።

መጠኑ ያስገርማል። ለማስተኛት ከፍ ብሎ ይጀመራል፤ ካስተኛ በኋላ ግን በሽተኛው ከሚተነፍሰው አየር ከመቶ እጅ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ይበቃል። ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ይዘጋል። መድኃኒቱም አብዛኛው በገባበት በትንፋሽ ይወጣል፤ አምስት እጅ ቢደረግ አንዱን እጅ ያህል ጉበት ይፈጨዋል። ሰውየውም ይነቃል።

እንግዲህ «ሳልነቃ ብቀርስ?» ወደሚለው እንመለስ። ይህ እንቅልፍ የቤት እንቅልፍ አይደለም። ሃሎቴን ሲበዛ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽን ያደክማል፣ የልብን ምት ያዛባል። በዚህ ምክንያት ከበሽተኛው ራስጌ አንድ የሰመመን ባለሙያ ይቀመጣል። ቆራጩ ሐኪም ሥራው ላይ ሲያተኩር፣ እሱ ወይም እሷ ትንፋሹን፣ የልቡን ምት፣ የደሙን ግፊት ይከታተላሉ። ጣት ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያም በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ታሳያለች። በእኛ አስተያየት የደኅንነቱ ግማሽ ያለው መድኃኒቱ ላይ ሳይሆን እዚያች ወንበር ላይ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን የእኛ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ቡአ ያለበት አንድ ልጅ ለኦፕራሲዮን መጣ። ነርሷ «እማማ፣ ልጁ ምንም አልቀመሰም?» ብላ ጠየቀች። አያቱ «ምንም፣ የኔ ልጅ» አሉ። ልጁ ግን «ወተት ጠጥቻለሁ» አለ። አሮጊቷ ደነገጡ፤ «አንጀቴ አልችል ብሎ ነው፤ ባዶ ሆዱን እንዴት ይቆረጣል?» አሉ። ነርሷ አልተቆጣቻቸውም። ኦፕራሲዮኑ ወደ ማግሥቱ ተላለፈ። ልጁ እውነቱን ባይናገር ኖሮ ምን ሊሆን ይችል ነበር? ሰው በመድኃኒት ሲተኛ ጉሮሮው ራሱን አይጠብቅም። ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ቢመጣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ይህም ይገድላል።

ስለዚህ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ወተት ሆድ ውስጥ ስለሚረጋ እንደ ምግብ ይቆጠራል። የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ቀድሞ ይበቃል። ይህ የሃይማኖት ጾም አይደለምና ሽሮም ያፈርሰዋል! ሐኪሙ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ካዘዘ የእሱ ትእዛዝ ይጠበቃል።

ለባለሙያው የሚነገርም አለ። ጫት ልብን ስለሚያፋጥን የቃመ ሰው ይናገር። አረቄ የሚያዘወትርም እንዲሁ። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ይነገር፤ ወልቆ ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጥፍር ላይ ያለ እንሶስላ የጥፍርን መጥቆር ይሸፍናል። ነፍሰ ጡር ሴት መደበቅ የለባትም፤ ሃሎቴን ማኅፀንን ስለሚያላላ ደም ሊበዛ ይችላል። ከዘመድ ወገን በማስተኛ መድኃኒት ሰውነቱ በድንገት ግሎና ደርቆ የታመመ ወይም የሞተ ካለ ይህ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ መነገር አለበት።

የመጨረሻው የጉበት ነገር ነው። ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን ሃሎቴን ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሰው የወፍ በሽታ ይለውና ቅጠል ፍለጋ ይሄዳል፤ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሆስፒታሉ ነው። አደጋው በአጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ ለወሰደ ሰው ይብሳል፤ በሦስት ወር ውስጥ እንዳይደገም የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሀብታም አገሮች ሃሎቴንን ትተው እንደ ሴቮፍሉሬን ወዳሉት የተሻገሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ሌላ ሆስፒታል የሄደ ሰው ቀድሞ ምን እንደወሰደ በምን ይታወቃል? ስንወጣ «የተሰጠኝን ማስተኛ መድኃኒትና ቀኑን በአማርኛ ጻፉልኝ» ብለን እንጠይቅ። ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ እናስቀምጥ። ሃ-ሎ-ቴ-ን። አራት ፊደል ነው፤ አሁን ማንበብ እንችላለን።