ስልኩን ከማውጣትሽ በፊት

እስኪ ስልኩን ወደዚህ ያዢው፣ አብረን እንየው። ሐይቁ ከላይ፣ ሐይቁ ከጎን፣ ሐይቁ በዛፎቹ መሀል... የጥርባ ሐይቅ መቼም ውብ ነው፤ ዓይንሽም ጥሩ እንደሆነ ያስታውቃል። አሁን ኤዲት ልታደርጊው ተቀምጠሽ ከየት እንደምትጀምሪ የጠፋሽ ግን ስለማትችይ አይደለም። ስትቀርጪ ምን ልትነግሪን እንደፈለግሽ ገና አልወሰንሽም ነበር። ጥርባን አይቶ የማያውቅ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ይደነቅና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። የዚያ መልስ የሚዘጋጀው ከቤት ሳይወጣ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ያዢ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ውስጡ ሰው ይኑር፣ የሚሠራውም ሥራ ይኑር። «ጥርባ ውብ ሐይቅ ነው» ብለሽ ብትጽፊ የምትቀርጪው አይታወቅሽም። «ጥርባ ዳር የሚያድግ እረኛ ቀኑን እንዴት ይውላል?» ካልሽ ግን ጠዋቱ፣ ቀትሩና ማታው ራሳቸው ቅደም ተከተል ይሰጡሻል። ከሥሩ የሚያስፈልጉሽን ሾቶች አንድ በአንድ ዘርዝሪ። ለቪዲዮዬ አንድ ደቂቃ አነሰኝ ብለሽም አትዘኚ፤ የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም ነበር።

የእኛውን ፊልም ሠሪ የኃይሌ ገሪማን ነገር ልንገርሽ። የጎንደሩ ልጅ አሜሪካ ዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልሙን በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ የተወኑትም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ለሙሉ ፊልም የሚበቃው የሚፈልገውን አውቆ ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ለአንቺም ጊዜና ቻርጅ የሚቆጥብልሽ ያ ወረቀት ነው።

ለመለማመጃ እንጅባራ ሄደሽ የቀርከሃ ወንበር የሚሠራ ባለሙያ ፈልጊ። መጀመሪያ ሰላም በይ፣ ለምን እንደመጣሽ ንገሪው፣ ፈቃዱን ጠይቂ። ከዚያ አምስት ነገር ቅረጪ፦ ቀርከሃውን የሚሰነጥቁትን እጆች በቅርበት፣ ፊቱን፣ መሥሪያ ቦታውን ከነሙሉው፣ ከትከሻው በላይ ሆነሽ እሱ የሚያየውን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ካላሰበው አቅጣጫ አንድ። ስልኩን በሁለት እጅ ይዘሽ ክንድሽን ከጎንሽ አስጠጊና እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ሳትነቃነቂ ያዢ። ብዙ ተማሪ ካሜራውን ወዲህና ወዲያ ያንከራትተዋል፤ ኋላ ሲቆርጥ የሚይዘው አያገኝም። አንቺ ቁሚ፣ እጁ ይንቀሳቀስ።

ድምፅን አደራ። ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማ ግን ጥሎሽ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር ነፋስ ካለ ጀርባሽን ለነፋሱ ሰጥተሽ ስልኩን ጋርጂው፤ ሌላ ስልክ ካገኘሽ ከተናጋሪው ደረት አጠገብ አድርገሽ ድምፁን ብቻ ቅጂ። ተናጋሪው በአገውኛ ከቀናው በአገውኛ ይናገር። አማርኛውን ከሥር በጽሑፍ ታስገቢዋለሽ። ሰው በአፍ መፍቻው ሲናገር ፊቱም አብሮ ይናገራል፤ ያንን አትንጠቂው።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ያለፈ ግልቢያ «እባካችሁ ድገሙልኝ» አይባልም። ቀድመሽ ሄደሽ ፈረሶቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያልፉ ጠይቂ፣ ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርገሽ ቦታ ያዢ፣ የስልክሽን ሜሞሪ ማታውኑ አጽጂ። ለአንድ ሾት ብለሽ ፈረስ ፊት አትግቢ። ጥርባም ላይ እንዲሁ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ስለሆነ ዳሩ ገደላማ ነው፤ ስክሪን እያየሽ ወደኋላ አትራመጂ።

አሁን ወደ ኤዲቲንጉ። ካፕካትን ከመክፈትሽ በፊት የቀረጽሽውን ሁሉ አንዴ ዝም ብለሽ እይው፣ የወደድሽውንም በወረቀት ላይ ምልክት አድርጊ። መጀመሪያ ንግግሩን ደርድሪ፤ ምስሉ በእሱ ላይ ይለብሳል። ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ስትሻገሪ እንቅስቃሴ ላይ ቁረጪ፦ እጁ መጥረቢያውን ሲያነሣ አንዱ ያብቃ፣ ሲያሳርፍ ሌላው ይጀምር። ያኔ ስፌቱ አይታይም። የሚሽከረከረውንና ብልጭ የሚለውን ኢፌክት ተይው። ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ዝቅ ብሎ ይግባ፤ የቀርከሃው ስንጥቅታ ራሱ መሰማት አለበት። ከዚያ ድምፁን አጥፍተሽ እይው፣ ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍነሽ አድምጪው። በሁለቱም መንገድ ነገሩ ከገባሽ ሠርቷል። በጣም የምትወጂው ሾት ከዓረፍተ ነገርሽ ጋር ካልሄደ አውጪው፤ ዋናውን ቅጂ ግን ፍላሽ ላይ አስቀምጪ፣ ለሌላ ቀን ይሆንሻል።

ቲክቶክ ላይ ከመጫንሽ በፊት ለባለሙያው ወስደሽ አሳይው። «ይቺ ትቅር» ካለ ቁረጪ፤ ፊቱም ሥራውም የእሱ ነው። «አዎ፣ ሥራዬ እንዲህ ነው» ካለሽ ደግሞ ሺህ ላይክ የማይሰጥሽን ማረጋገጫ አገኘሽ። ለሚቀጥለው ቪዲዮ በሩን የሚከፍትልሽም እሱ ነው።