በስፖርት መኪና ውስጥ የነበረው ስልክና የሞገድ ትምህርት

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጁን 17 ቀን 1946 በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ የቤል ስልክ ድርጅት ከሚሄድ መኪና ውስጥ የሚደወልበትን አገልግሎት ለደንበኞች ከፈተ። መሣሪያው 36 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከኋላ ጭኖ እንደ መዞር ማለት ነው። ደዋዩ ቁጥር አይመታም፤ መነጋገሪያውን አንስቶ ኦፕሬተሯን ይጠራል፣ እሷ ታገናኘዋለች። ሲናገር ቁልፍ ይጫናል፣ ሲያዳምጥ ይለቃል። ሁለቱ እኩል ከተናገሩ አይደማመጡም። በዚያ ላይ በዚያው መስመር ያለ ሌላ ደንበኛ ጆሮውን ቢጥል ወሬያቸውን ይሰማል። ለዚህ ሁሉ በወር 15 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ጥሪ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሳንቲም ይከፈል ነበር።

ይህን ርእስ ስንመርጥ ከዕጩ መምህራን መካከል «የሀብታም መጫወቻ ታሪክ ለገጠር ትምህርት ቤት ምን ይፈይዳል?» ያሉን አልታጡም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን እንዲያው ለመኪናው ውበት ብለን አላነሣነውም። ስለ ሞገድ በመጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር ቀመር የታለፈው ነገር ሁሉ እዚህች ጠባብ መኪና ውስጥ ተጨናንቆ ይገኛል።

ስፖርት መኪና ሁለት መቀመጫ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ግን ብርቱ የሆነ መኪና ናት። የስልኩ ትልቁ ሳጥን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል፤ ገመድ ከወለሉ ሥር አልፎ ወደ ነጂው ይመጣል። እንግዲህ ባለቤቱ ከሻንጣውና ከስልኩ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ይሄ ቀላሉ ችግር ነው።

ከባዱ ችግር ያለው ኮፈኑ ሥር ነው። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ካንዴላ በሁለት ዙር አንዴ ብልጭ ስለሚል፣ በደቂቃ 24,000፣ በሰከንድ 400 ብልጭታ ይሆናል። እያንዳንዷ ብልጭታ ደግሞ ትንሽ የራዲዮ ማሠራጫ ናት። ዲናሞውም የራሱን ጩኸት ይጨምርበታል። የመኪናው አካል ብረት ሲሆን ይህን ረብሻ በከፊል አፍኖ ይይዘዋል። በ1953 የወጣችው ኮርቬት ግን አካሏ ፋይበርግላስ ስለሆነ የሚያፍነው ነገር የለም። ስለዚህም ፋብሪካው ራዲዮ ለተገጠመላቸው ኮርቬቶች የካንዴላውን እሳት የሚያከፋፍለውን ክፍል በብረት መከለያ ይሸፍነው ነበር።

ይህን ተማሪ በጆሮው እንዲሰማው ማድረግ ይቻላል። መኪና አያስፈልገንም። የአንድ ባትሪ ድንጋይ አንዱን ጫፍ በሽቦ ከሞረድ ጋር ማያያዝ፣ ከሌላው ጫፍ የመጣውን ሽቦ በሞረዱ ጥርስ ላይ መፋቅ ነው። አጠገቡ በመካከለኛ ሞገድ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ የተከፈተ ራዲዮ ወዲያው ይንጫጫል። ሽቦው ቶሎ ስለሚሞቅ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን።

ወደ አንቴናው እንምጣ። 300ን በሜጋኸርትዝ ቁጥር ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። በ150 ሜጋኸርትዝ ሞገዱ 2 ሜትር ነው፤ የተለመደው አንቴና የዚህ ሩብ፣ ማለት 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በኋላ ወደ 850 ሜጋኸርትዝ ሲወጣ ሩቡ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። ነገር ግን ሩብ አንቴና ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ የተዘረጋ ብረት እንደ መስተዋት ሆኖ ሌላውን ግማሽ ይሞላለታል። የተራ መኪና ጣሪያ ይህን ሥራ ይሠራል። ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነችውስ? አንቴናው ወደ ኋላው ክዳን ይዛወራል። አካሏ ፋይበርግላስ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ቆርቆሮ ማንጠፍ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል፤ ለጓደኞቻችን ጥያቄም መልሳችን እዚህ ላይ ነው። በ1946 የተመደቡት ስድስት መስመሮች ነበሩ። ጎረቤታሞቹ ስለሚረባበሹ በሥራ ላይ የዋሉት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሦስት ሰዎች ከያዟቸው አራተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በ1964 የተሻሻለ አገልግሎት መጣና ደንበኛው ራሱ ቁጥር መምታት፣ እንደ ቤት ስልክም ሳያቋርጥ መነጋገር ቻለ። ሆኖም በኒው ዮርክ ከተማ 2,000 ደንበኞች 12 መስመር ይጋሩ ነበር። አንድ ጥሪ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ሆነ። ገንዘብ ኮርቬት ይገዛል እንጂ ሞገድ አይፈጥርም። ከአንድ ረጅም ምሰሶ በብርቱ ኃይል ከተማውን ሁሉ መሸፈን እስካልቀረ ድረስ ሀብታሙም ቢሆን ተሰላፊ ነው።

መፍትሔው በዲሴምበር 1947 በቤል ላቦራቶሪዎች ዲ. ኤች. ሪንግ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ይኸውም ከተማውን እንደ ማር እንጀራ በትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ፣ የማሠራጫውን ኃይል ቀንሶ፣ አንዱን መስመር ራቅ ባሉ ክፍሎች ደጋግሞ መጠቀም ነው። ለክፍል እንዲህ አድርገን ማቅረብ ይቻላል። ለ60 ተማሪ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ጠመኔ እንስጥ፤ ጠመኔ የያዘ ጥንድ ብቻ ጮክ ብሎ ይነጋገር። በአንድ ጊዜ ሦስት ጥንድ ብቻ ነው። ቀጥለን ተማሪዎቹን በክፍሉ ርዝመት በስድስት ቡድን እናሰልፋቸው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ሁሉም በሹክሹክታ ይነጋገሩ። በእነዚያው ሦስት ቀለሞች አሁን ስድስት ጥንድ ተነጋገረ! ድምፅ ሲቀነስ ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ከማስታወሻው እስከ ሥራው ግን ረጅም ዓመት ወሰደ። ጃፓን በ1979 ቶኪዮ ላይ ቀደመች። በአሜሪካ የመጀመሪያው የንግድ ጥሪ የተደረገው ኦክቶበር 13 ቀን 1983 በቺካጎ፣ በሶልጀር ፊልድ ስታዲየም ነው። ዴቪድ ማይላን የተባለ ደንበኛ የ1983 ሞዴል መርሴዲስ ቤንዝ 380 ኤስ ኤል ስፖርት መኪናው ውስጥ ሆኖ ደወለ። ያነሣው የስልክ ኩባንያው ኃላፊ ቦብ ባርኔት ነበር፤ እሱም ጣሪያዋ ከሚገለጥ ክራይስለር ውስጥ ሆኖ ጀርመን ወደሚገኘው የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል የልጅ ልጅ ደወለ።

ያ አናሎግ መረብ ዛሬ የለም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2008 የአሜሪካ ኩባንያዎች እሱን የማቆየት ግዴታቸው አበቃና ዘጉት። አሮጌ ስፖርት መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ስልኩን ከነመቀመጫው ይተዉታል፤ አንዳንዶቹም ሆዱን አውጥተው የዛሬ ዕቃ ይከቱበታል። ተማሪ «ተበላሽቶ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ላይሆን ይችላል እንበለው። ማሠራጫውም አንቴናውም ደህና ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ቋንቋ የሚመልስለት ጣቢያ ነው የጠፋው።

ለመጪው የማስተማር ልምምድ ሙከራዎቹን የምንሠራቸው እኛ ነን። ጥርሱ ያላለቀ ሞረድና ሰማያዊ ጠመኔ ያለው ቢያውሰን እንመልሳለን።