የካርቶኑ ዋትና የፊዚክስ ሕግ፦ በአነስተኛ በጀት የቤት የድምፅ መሣሪያ ስለ መምረጥ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሞጆ፣ የአዳማና የሐዋሳ መንገዶች በሚለያዩባት ከተማ፣ የአገራችን ትልቁ ደረቅ ወደብ ይገኛል። ከጅቡቲ በመኪናና በባቡር ተጭነው የሚመጡ ኮንቴይነሮች እዚህ ይራገፋሉ፤ የጉምሩክ ሥርዓታቸውም እዚህ ይፈጸማል። አንድ የወደቡ ሠራተኛ የዕቁብ ዕጣ ወጣለት እንበል። ለሳሎኑ የድምፅ መሣሪያ ለመግዛት ወደ አንድ ሱቅ ሲገባ በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት አማራጮች ይቀርቡለታል። አንደኛው መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር «3,000 ዋት» የተጻፈበት፣ ሁሉንም ነገር በአንድ የያዘ ስብስብ ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ጎን 30 ዋት ብቻ የሚሰጥ ትንሽ አምፕሊፋየርና ለብቻቸው የሚሸጡ ባለ እንጨት ሳጥን ጥንድ ስፒከሮች ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ግን የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል።

ዋት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚተላለፍ የኢነርጂ መጠን መለኪያ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ፣ 3,000 ዋት ያለማቋረጥ የሚሰጥ መሣሪያ ቢያንስ ከ13 አምፒር በላይ ከመስመሩ መውሰድ አለበት። ይህ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደውን ያህል ማለት ነው። ምጣድ እንዴት ያለ ወፍራም ገመድ እንደሚፈልግ የማያውቅ ቤተሰብ የለም፤ የዚህ መሣሪያ ገመድ ግን ከስልክ ቻርጀር ገመድ ብዙም አይወፍርም። በዚህ ላይ የተለመደ የቤት ስፒከር ከሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው አንድ በመቶ ገደማውን ወይም ከዚያ በታች ነው። የተቀረው ሙቀት ይሆናል። ካርቶኑ እውነት ቢናገር ኖሮ በስፒከሮቹ ላይ እንጀራ መጋገር በተቻለ ነበር።

ይህ ቁጥር በአብዛኛው «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚባለው ነው። መሣሪያው ለአንዲት ቅጽበት ሊሰጠው ይችላል ተብሎ የሚገመት ከፍተኛ ኃይል ሲሆን፣ ሁሉም አምራቾች የሚገዙበት አንድ የአለካክ ሥርዓት የለውም። ለንጽጽር የሚረዳን «አር.ኤም.ኤስ.» ተብሎ የሚጻፈው ያለማቋረጥ የሚሰጥ ኃይል ነው። ሻጩ ይህን ካላወቀ መሣሪያውን አዙሮ ከጀርባው የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ይቻላል። እዚያ የኃይል ፍጆታው 60 ዋት ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ 3,000ው ከየት እንደመጣ ሻጩም አምራቹም ሊያስረዱን አይችሉም። አንዳንድ አምራቾች የሰሌዳውን ቁጥር የሚለኩት መሣሪያው በመካከለኛ ድምፅ ሲሠራ ስለሆነ መጠነኛ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ የሃምሳ እጥፍ ልዩነትን ግን የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ አይፈቅድም።

እንግዲህ ለሳሎን ምን ያህል ዋት ይበቃል? ጆሮአችን የኃይልን መጨመር የሚሰማው በእጥፍ እጥፍ አካሄድ ነው። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ደግሞ ኃይሉ አሥር ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። በመሆኑም በ50 ዋትና በ60 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ዴሲቤል በታች ነውና ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል አይደለም። የስፒከሩ ትብነት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ትብነት ስንል ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚሰማውን የድምፅ መጠን ማለታችን ነው። የአንዱ ስፒከር ትብነት 84፣ የሌላው 90 ዴሲቤል ቢሆን፣ የስድስቱ ዴሲቤል ልዩነት ከአራት እጥፍ ኃይል ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ባለ 90ው ስፒከር በ25 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለማግኘት ባለ 84ቱ 100 ዋት ይጠይቃል። በተለመደ ሳሎን ባለ 90 ዴሲቤል ጥንድ ስፒከሮች በአንድ አንድ ዋት ብቻ ሲነዱ፣ ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ለመነጋገር ድምፁን ከፍ ማድረግ ግድ ይለዋል። ከበሮው ሲመታ ለሚፈጠረው ድንገተኛ ጭማሪ 30 እጥፍ መጠባበቂያ ብንተው 30 ዋት ደረስን። የሁለተኛው አማራጭ አምፕሊፋየር ለሳሎን አያንስም።

መሣሪያን በየክፍሉ ለይቶ የመግዛት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ገዢው ገንዘቡን በሚበጅበት ቦታ ማዋል ይችላል፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽም ሌላው ተርፎ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ከመቶው ብር ከ50 እስከ 60ው ለስፒከር፣ 30 ያህሉ ለአምፕሊፋየር፣ የቀረው ለሽቦና ለክፍሉ ማስተካከያ ቢውል መልካም ነው። ለሙዚቃ ምንጭነት በእጃችን ያለው ስልክ ይበቃል፤ ለጊዜው ሌላ ማጫወቻ መግዛት አያስፈልግም።

አምፕሊፋየሩ አዲስ ከሆነ «ክላስ ዲ» የሚባለው ዓይነት ለአነስተኛ በጀት የተመቸ ነው። ከሚወስደው ኃይል ብዙውን ለስፒከሩ ስለሚያስተላልፍ አይግልም፤ ብዙዎቹም ከ100 እስከ 240 ቮልት በሚቀበል አዳፕተር ይሠራሉ። ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው የቀድሞው ዓይነት ግን ሙቀቱን በላይኛው ሽፋን ቀዳዳዎች በኩል ለአየር ማስረከብ አለበት። ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ የማቀዝቀዝ አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ላይ የእናቶቻችን ውብ ዳንቴል ሲደረብበት መሣሪያው ይታፈናል። ዳንቴሉ ከሥር ቢነጠፍ ውበቱም አይቀንስም።

በዘመድ እጅ ከአሜሪካ የሚላኩ መሣሪያዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርትዝ የተሠራ አምፕሊፋየር በቀጥታ በ220 ሶኬት ላይ ቢሰካ የትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት ከልኩ በላይ ይሞላል፤ ጥቅል ሽቦውም ይቃጠላል። ፊውዙ ቀድሞ ከተበጠሰ ዕድለኞች ነን። 220ን ለሁለት የሚከፍል ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ 110 ያወርደዋል፤ ፍሪኩዌንሲው ግን 50 ሄርትዝ እንደሆነ ይቀራል። በእምብርቱ ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ፍሰት የሚወሰነው ቮልቱን ለፍሪኩዌንሲው በማካፈል ስለሆነ፣ 120 ለ60 ሲካፈል 2፣ 110 ለ50 ሲካፈል 2.2 ይሰጠናል። የአሥር በመቶ ጭማሪ ነው፤ በደህና የተሠራ መሣሪያ ይችለዋል፣ ትንሽ ይሞቃል እንጂ። የድሮ የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ሞተሩ የመስመሩን ፍሪኩዌንሲ ተከትሎ የሚዞር ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 37.5 ጊዜ ብቻ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1969 በተመሠረተው አምሐ ሪከርድስ የታተመ ሸክላ ያለው ሰው በዚህ ማጫወቻ ቢያዳምጠው፣ ዘፋኙ እየጎተተ ሦስት ግማሽ ቃና ያህል በወፈረ ድምፅ ሲዘፍን ይሰማዋል። ይህን ምንም ዓይነት የቮልት መቀነሻ አያስተካክለውም።

ስፒከርና አምፕሊፋየር ሲጣመሩ ደግሞ የኦም ሕግ አይዘነጋ። የቤት ስፒከር ብዙውን ጊዜ 8 ኦም፣ የመኪና ስፒከር 4 ኦም ነው። በአናጺ ቤት በተሠራ ሳጥን ሁለት የመኪና ስፒከሮችን ጎን ለጎን ማገናኘት የተለመደ ነው፤ ጠቅላላው ግን 2 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ሲሰጥ በ8 ኦም 2.5 አምፒር የነበረው በ2 ኦም 10 አምፒር ይደርሳል። ትራንዚስተሮቹ የሚቃጠሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ በተከታታይ ቢያያዙ 8 ኦም ስለሚሰጡ አደጋው ይቀራል።

ሳጥኑ ራሱ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ሳጥን ከሌለ የፊቱና የኋላው ሞገድ ተገናኝተው ይጣፋሉ፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ሳጥኑ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ከሚወፍር ቺፑድ ተሠርቶ መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ መደፈን አለበት። ያገለገለ ስፒከር የሚገዛ ሰው በወረቀቱ ዙሪያ ያለውን ጠርዝ ይንካ፤ ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል፣ ጎማ ግን ይቆያል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል በዝግታ ሲገፉት የመፋተግ ድምፅ ካሰማ ጥቅል ሽቦው ከቦታው ተዛንፏል ማለት ነውና ይተውት።

በሱቅ ውስጥ ሲሞክሩ የሚያውቁትን ሙዚቃ በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ የባስ መጨመሪያውንም ያስጠፉ። በገና ጥሩ ፈታኝ ነው። የወፍራም አውታሮቹ ድምፅ ዝቅተኛ ሲሆን፣ በእንዝራው ምክንያት የሚወጣው ንዝረት ደግሞ ብዙ ከፍ ያሉ ሞገዶችን ይጨምርበታል። የዓለሙ አጋን በገና የሚያጫውት ስፒከር እንዝራውን ካሳከከ ወይም ካደበዘዘ ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል። ሁለት ስፒከሮች ሲወዳደሩ ድምፃቸው እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ በጥቂቱ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና።

ከሁሉ የሚረሳው ክፍሉ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ በየከተማው ሱቅ ሆኖ ስናየው ቆይተናል። ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ስፋትና 2.39 ሜትር ቁመት አለው። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ድምፅ ተመላልሶ የሚበረታበት ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ የድምፅን ፍጥነት ለርቀቱ እጥፍ በማካፈል ይገኛል። ፍጥነቱን በሰከንድ 345 ሜትር ብንወስድ በርዝመቱ 29፣ በስፋቱም በቁመቱም ግን 73 ሄርትዝ ገደማ ይወጣል። ሁለቱ ስለሚደራረቡ የባስ ጊታር አንዳንድ ቃናዎች ሲያጓሩ ሌሎቹ ይጠፋሉ። ስፋቱና ርዝመቱ እኩል የሆነ የብሎኬት ሳሎንም ተመሳሳይ ችግር አለበት። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ቤት ከወፍራሙ ድምፅ የተወሰነውን ስለሚያሳልፍ ጉርምርምታው ይቀንሳል፤ በድምፅ ረገድ የአባቶቻችን ቤት አይናቅም። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የሚውጡት ቀጭኑን ድምፅ ነው። ለወፍራሙ የሚረዳው ስፒከሮቹን ከማዕዘን አርቆ፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅና እየቀያየሩ ማዳመጥ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ሽቦ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለቤት መስመር የሚውለው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በአምስት ሜትር ርቀት፣ ደርሶ መልሱ ተደምሮ፣ ከ0.1 ኦም ያነሰ ተቃውሞ አለው። በውድ ዋጋ የሚሸጠው ልዩ ገመድ ከዚህ የተሻለ የሚሰማ ለውጥ አያመጣም።

ሽቦው ሲገጠም ግን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በሁለቱም ስፒከሮች በአንድ ዓይነት መያያዝ አለበት። በአንዱ ከተገለበጠ አንዱ ወረቀት ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱም ይጠፋል። ምልክቱ የተፋቀ ስፒከር ከገጠመን፣ ከአምፕሊፋየሩ ነቅለን አንድ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት እናስነካዋለን፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።