ውሃው ሲቀንስ ትንፋሽ እንዳያጥር

ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ከፏፏቴው ጋር ያልተያያዘ እንጀራ ጥቂት ነው። አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ከመንገዱ ዳር ሸማና ቅል ይዛ የምትቆመው ልጅ፣ ቡና የምታፈላው እናት፣ ሁሉም ዓይናቸው ገደሉ ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲሞላ ውሃው 40 ሜትር ገደማ ይወረወርና ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ በጋ ሲገባ ቋጥኙ ይገጥጣል። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ አሻገረ። ከዚያ ወዲህ የፏፏቴው መልክ የዝናብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፤ እንግዳም ጠፋ።

ይህን የዮጋ ምክር የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ፍኖተ ሰላም ሆኖ የጠበቀው ዕድገት ለቀረበት መምህር፣ ቡሬ ላይ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ለቆመበት ሹፌርም ይሆናል።

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እግሩን አንገቱ ላይ ያጠላለፈ ሰው ነው። ያ አያስፈልገንም። ፓታንጃሊ በተባለ የጥንት ሕንዳዊ መምህር ስም የሚታወቀው የዮጋ ሱትራ ወደ 196 የሚሆኑ አጫጭር አንቀጾች አሉት፤ ከነዚያ ውስጥ ስለ ሰውነት አቋም የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። የቀረው አብዛኛው የሐሳብን መናወጥ የሚመለከት ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ያዝዛል፤ ሳያቋርጡ መለማመድንና የጨበጡትን መልቀቅ መቻልን። ኑሮው በአንድ ጀምበር ለተገለበጠበት ሠራተኛ ከዚህ የቀረበ ትምህርት አላውቅም።

ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖቶች ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ልቡ የሚከብደው ሰው የነፍስ አባቱን ወይም ሼኩን ይጠይቅ። ከዚህ በታች የምለው ግን መቆም፣ መተንፈስና መጋደም ብቻ ነው፤ የሚደገም ቃል የለበትም። በጾምና በስግደት ላደገ የጎጃም ሰው ደግሞ ሥጋ ሲገራ መንፈስ መበርታቱ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ጠዋት ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት በባዶ እግርዎ መሬት ላይ ይቁሙ። የተለቀለቀ ወለል ይበቃል፤ ሰሌን ካለ ደግ ነው። በአፍንጫዎ አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። አየር ስናስገባ ልብ ጥቂት ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትረጋለች፤ ረጅሙ የማስወጣት ትንፋሽ የሚያረጋጋን ለዚህ ነው። አሥር ጊዜ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነው። ዱካ ላይ ሊቀመጡ እንደሚሉ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው ይቁሙ፤ ዱካው ግን የለም። ከሦስተኛው ትንፋሽ በኋላ ጭንዎ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ፊትዎን ይመልከቱ፤ ጥርስዎ ተነክሷል፣ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ወጥቷል፣ ትንፋሽዎ ቆሟል። የሚሠራው ጭንዎ ነው፤ መንጋጋዎ ለምን ይደክማል? መንጋጋውን ያላሉ፣ ትከሻውን ያውርዱ፣ ጭኑ እየተቃጠለ ትንፋሹን ያስረዝሙ። አምስት ትንፋሽ ቆይተው ቀና ይበሉ። ክፉ ወሬ የሰማን ዕለት የምናደርገውም ይህንኑ ነው፤ የታመመው አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ ሁለንተናችንን እናኮማትራለን፣ በዚያው ቁጣ ስልክ አንሥተን የማይመለስ ቃል እንናገራለን። በደህናው ቀን መንጋጋውን ማላላት የለመደ ሰው በክፉው ቀን ያን ስልክ ለማግሥቱ ማቆየት ይችላል። ልምምዱ ቢያንስ የአንድ ሌሊት ፋታ ይሰጣል፤ በአንድ ሌሊት ደግሞ ብዙ ነገር ይድናል።

ጉልበት ወይም ወገብ የሚያምመው ሰው ግድግዳ ይደገፍ። ነፍሰ ጡርና የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ ይዞ አይቆይ።

ሱትራው ያዘዘው ሁለተኛው ነገር፣ የጨበጡትን መልቀቅ፣ ይበልጥ ይከብዳል። ሃያ ዓመት ያስጎበኘ ሰው ፏፏቴው የእኔ ነው ይላል፤ እውነት አለው። ቢሆንም በእጁ የቀረውን ለብቻው ቢቆጥረው ቀላል አይደለም። የውጭ ቋንቋ ያውቃል፣ እንግዳ ማስተናገድ ያውቃል፣ የወፉን ስም፣ የአላታን የድንጋይ ድልድይ ታሪክ ያውቃል። እነዚህ ከውሃው ጋር አልሄዱም። ከልምምዱ በኋላ በጀርባዎ ተጋድመው አምስት ደቂቃ ያህል ይረፉ፣ ከዚያ ተነሥተው ለዚያ ቀን የሚሠሩትን አንድ ነገር ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ተኩስ የሰማ፣ ሰው የቀበረ ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሲጋደም ያየው ነገር ሊመለስበት ይችላል። እንዲያ ከሆነ አይጋደም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ መደብ ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑን ገልጦ በሩን ወይም ዛፉን እያየ ይተንፍስ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀው ወይም ሞትን ከተመኘ ለቅርብ ሰው ይናገር፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ይህ በዮጋ የሚመለስ አይደለም። የተቀማ ደመወዝም በትንፋሽ አይከፈልም። መብቱን ይጠይቅ፣ ሲጠይቅ ግን ትከሻው ወርዶ፣ ድምፁ ረግቶ ይሁን።

ነገ ጠዋት አሥር ትንፋሽ ብቻ ይሞክሩ፤ ከነገ ወዲያም አይተዉት። ጎረቤትዎ ሥራ ፈትቶ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ካዩት ደግሞ ይጥሩትና አብራችሁ ቁሙ።