የመስከረም ዝንብ

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትበረታ በቤታችን ቆጥና ማገር ላይ ዝንብ ይሰፍራል። እናቴ ወይራ ታጨሳለች፤ ዝንቡ ለጊዜው ይሸሻል፤ ማታ ግን ተመልሶ እዚያው ያድራል። (ጢሱ የሚያስለቅሰው እኛን ነው።)

አንባቢ ሆይ፣ ዝንብ የሚራባው በቆጥ ሳይሆን በደጅ ባለው የፍግ ክምር ነው። እንቁላሉ በአንድ ቀን ትል ይሆናል፤ ሙቀት ካገኘም በ10 ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ስለዚህ ፍጉን በየሳምንቱ ወደ እርሻ ወስዶ በስሱ መበተን ይገባል፤ ደረቅ ፍግ ለትሉ አይመቸውምና።

በልጆች ዓይን ላይ እያረፈች የዓይን ማዝ የምታዛምተው ዝንብ ግን ሌላ ናት፤ እርስዋ የምትፈለፈለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። መድኃኒቷም የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የታናሽ እኅቴ ዓይን ዘንድሮም ስለ ታመመ ከአባቴ ጋር ቁፋሮ ጀምረናል፤ ጥልቀቱ እስከ ወገቤ ደርሷል።