ረጅሙ ፈተና እና የተነሳሽነት ምንጭ

ተነሳሽነት አንድን ሥራ ለመጀመር ብቻ ሳይሆን ድካምና መሰልቸት ከመጡ በኋላም በሥራው ላይ ለመቆየት የሚያስችል የውስጥ ግፊት ነው። ስለ ተነሳሽነት በብዛት የሚነገረው ነገር ግን የአመጣጡን ቅደም ተከተል ያዛባል። ተማሪው መጀመሪያ መነቃቃት፣ ከዚያም ማጥናት እንዳለበት በተለምዶ ስለሚታሰብ፣ ወኔው የቀዘቀዘበት ተፈታኝ መጽሐፉን ከመግለጥ ይልቅ አነቃቂ ንግግር ፍለጋ ስልኩን ይከፍታል፤ ንግግሩ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እስከ ማግስቱ አይዘልቅም። ዓመታት በሚወስድ የሙያ ፈተና ውስጥ ተነሳሽነት በአመዛኙ የጥናት መነሻ ሳይሆን የጥናት ውጤት ነው፤ ተማሪው እየቻለ መሄዱን የሚያሳይ ማስረጃ በየጊዜው ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ማስረጃው ሲርቅበት ይዳከማል።

በኢትዮጵያ የሂሳብ ባለሙያዎች ዘንድ በሚገባ የሚታወቀው የኤሲሲኤ ፈተና ለዚህ ተስማሚ ማሳያ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን ውስጥ የተጣለው ፈተናውን የሚሰጠው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ለአባልነት በሦስት ደረጃ የተከፈሉ 13 ፈተናዎችን ይጠይቃል፤ በቀደመ ትምህርታቸው ከአንዳንዶቹ ነጻ የሚደረጉ ቢኖሩም የላይኛው ደረጃ ግን ለማንም አይቀርም። በአገር ውስጥ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ ካስገደደ ወዲህ፣ እነዚህን ደረጃዎች ጠንቅቆ የሚያስተምረው ይህ ፈተና የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። የማለፊያው ነጥብ ከ100 ውስጥ 50 ብቻ ነው። ይህን ሰምቶ ፈተናው ቀላል የሚመስለው ጀማሪ ጥቂት አይደለም፤ ይሁን እንጂ እንደ ኦዲት ባሉት ትምህርቶች ከግማሽ የሚበልጡት ተፈታኞች የሚወድቁበት ዙር የተለመደ ነው።

እንዲህ ያለው ፈተና ተስፋ የሚያስቆርጠው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በርቀቱም ነው። አልበርት ባንዱራ እና ዴል ሹንክ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ በሂሳብ እጅግ ደካማ የሆኑ ሕፃናት 42 ገጽ የመቀነስ ስሌት በሰባት ክፍለ ጊዜ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ለአንደኛው ቡድን በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 6 ገጽ ማጠናቀቅ፣ ለሌላው ደግሞ በሰባተኛው መጨረሻ 42ቱንም ማጠናቀቅ እንደ ግብ ተሰጣቸው። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ የቅርብ ግብ የተሰጣቸው ሕፃናት በችሎታም፣ በራሳቸው ብቃት በማመንም በልጠው ተገኙ፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ፣ መጀመሪያ ፍላጎት ያልነበራቸውን ስሌት በኋላ ማንም ሳያዛቸው በፈቃዳቸው የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ፍላጎት ከችሎታ በኋላ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቶ የቅርብ ግብ ማውጣት ቀላል ቢመስልም፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የግቡን ዓይነት በመምረጥ ላይ ነው። «ዛሬ ምዕራፍ አራትን አነባለሁ» የሚለው ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ መቻልን አያሳይም። አብዛኞቹ የመካከለኛው ደረጃ ፈተናዎች 100 ነጥብ በ3 ሰዓት የሚሠራባቸው በመሆኑ ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርሳል፤ ስለዚህ ስለ ተጠቃለለ የሂሳብ መግለጫ፣ ማለትም ዋናው ኩባንያና በሥሩ ያሉት ኩባንያዎች እንደ አንድ ድርጅት ተቆጥረው ስለሚቀርቡበት ሪፖርት፣ የወጣ ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ መጽሐፍ ዘግቶ በ36 ደቂቃ መሥራት እውነተኛ የቅርብ ግብ ነው። ውጤቱ 7 ቢሆን እንኳ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 11 ሲያድግ ተማሪው ምንም አነቃቂ ንግግር አያስፈልገውም።

የሐሰት ማስረጃ ግን ከማስረጃ ማጣት ይብሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገር እና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በአንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው ሦስት ጊዜ ያስታወሱትን በቃላቸው ከጻፉት በልጠዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 61 በመቶ አስታውሰዋል። በራሳቸው ይበልጥ ይተማመኑ የነበሩት ግን ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ገጹን ሁሉ በሃይላይተር ቢጫ ያደረገ ተማሪ በፈተናው ቀን የሚደነግጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውጤቱ ደግሞ የሚታወቀው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ሞዴል ፈተና ያልሠራ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ራሱ እውነቱን ሳያውቅ ይከርማል።

የወቅት ምርጫም ከተነሳሽነት ጋር የተያያዘ ነው። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ፣ በግምት በየካቲት፣ በግንቦት፣ በነሐሴና በኅዳር መጨረሻ ይሰጣል። የብዙ ኢትዮጵያውያን ድርጅቶች የሂሳብ ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ባለሙያው ሂሳብ ሲዘጋና ለውጭ ኦዲተር ሰነድ ሲያዘጋጅ የሚያመሽባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ለነሐሴው ዙር ከባድ ትምህርት የተመዘገበ ሠራተኛ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን በስንፍናው ላይ ይጥላል፤ ጥፋቱ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። ሂሳብ በመዝጋት ሥራ ላይ ያለ ተፈታኝ ነሐሴን ዘሎ ለኅዳር ቢመዘገብ ይሻለዋል።